ስልካችን ውስጥ ያለው ጥቁር ዱቄት፦ ግራፋይት ከየት ይመጣል? ስንጥለውስ የት ይሄዳል?

ገጠር ያደግን ልጆች የባትሪ ድንጋይ ሰብረን እናውቃለን። መሃሉ ላይ ያለችው ጥቁር ዘንግ ካርበን ናት። በዙሪያዋ ያለው ጥቁር ዱቄት ደግሞ በየትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ማጥቆሪያ ሆኖ አገልግሏል። ዛሬ ወገዳም ሆነ ንፋስ መውጫ የእጅ ባትሪን ቦታ ስልክ፣ ፓወር ባንክና የሶላር መብራት እየወሰዱት ነው። ካርበኑ ግን አልቀረም፤ ግራፋይት ሆኖ ኪሳችን ውስጥ ገብቷል።

ግራፋይት ምንድን ነው?

የካርበን ዓይነት ነው፤ እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገርም እሱው ነው። ስልካችንን ቻርጅ ስናደርግ ሊቲየሙ ሄዶ የሚጠራቀመው በግራፋይቱ ስስ ንጣፎች መሃል ነው። ስንጠቀም ተመልሶ ይወጣል። ባለ 5000 ሚሊ አምፒር ባትሪ ቢያንስ 13 ግራም ግራፋይት ይፈልጋል። የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ50 ኪሎ በላይ ይወስዳል። አገራችን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሏን ስናስብ፣ ነገሩ የስልክ ብቻ እንዳልሆነ ይገባናል።

ታዲያ ጉዳቱ የት ነው?

ግራፋይት ራሱ መርዝ አይደለም። ችግሩ አመራረቱ ላይ ነው። አንደኛው ዓይነት እንደ ቻይና፣ ሞዛምቢክና ማዳጋስካር ካሉ አገሮች ከመሬት ተቆፍሮ ይወጣል። ሲፈጭ ብናኙ አየሩን ይበክላል፤ ለማጥራት ደግሞ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ የተባለ አደገኛ ኬሚካል በብዛት ይጠቀማሉ። ሁለተኛው ሰው ሠራሽ ነው፤ ከድፍድፍ ነዳጅ ተረፈ ምርት ተዘጋጅቶ እስከ 3000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ይጋላል። ለባትሪ የሚሆነው ግራፋይት ከ90 በመቶ በላይ የሚዘጋጀው ቻይና ነው፤ የዚያ አገር ኤሌክትሪክ ደግሞ በብዛት ከድንጋይ ከሰል ይመጣል። ጭስ የለውም የምንለው ዕቃ ጭሱን ሌላ ሰው መንደር ላይ ትቶ ነው የመጣው።

እኛ ጋ ከደረሰ በኋላስ?

ያበጠ ባትሪ እሳት ውስጥ የሚጥል ሰው አለ። በፍጹም አታድርጉት! ሊፈነዳ ይችላል፤ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ሲቃጠልም ሃይድሮጅን ፍሎራይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ሜዳ ላይ ሲጣል ደግሞ ክረምት ይመጣል። ስማዳን በሽሎና አባይ ያዋስኑታል፤ ጎርፉ ያገኘውን ይዞ የሚወርደው ወደዚያው ነው።

የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 1090/2010 አለን። አዋጁ እንዲሠራ ግን መጀመሪያ ባትሪው ከሌላ ቆሻሻ ሳይቀላቀል ተለይቶ መቀመጥ አለበት። በውጭ አገርም ቢሆን ብዙዎቹ መልሶ መጠቀሚያ ፋብሪካዎች የሚፈልጉት ኮባልትና ኒኬሉን ነው፤ ግራፋይቱ ርካሽ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይቃጠላል ወይም ይጣላል።

ስለዚህ ምን እናድርግ?

1. ባትሪያችን እንዲቆይ እናድርግ። 2 ዓመት የሚያገለግለው 4 ዓመት ካገለገለን፣ የምንፈጀው ግራፋይት በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው።
2. ስልክ ፀሐይ ላይ አናስቀምጥ፤ ከ20 እስከ 80 በመቶ ባለው መሃል እናቆየው።
3. ያበጠውን አንብሳ፣ አንጠቀምበት፤ ከልጆችና ከእሳት አርቀን ደረቅ ቦታ እናቆየው።
4. ስልክ ጠጋኞችና ሱቆች የሞቱ ባትሪዎችን ለብቻ የሚያስቀምጡበት አንድ ጣሳ ቢያዘጋጁ፣ ወረዳው የሚሰበስበው ነገር ይኖረዋል።

አሁን ይህን የምታነቡበት ስልክ ውስጥም 10 ግራም ገደማ ወይም ከዚያ በላይ አለ። ቶሎ እንዳይሞት ተንከባከቡት።