ግንቦት 2012፦ የሕገ መንግሥት ክርክር በአደባባይ

የኢትዮጵያን ሕገ መንግሥት ማን ይተርጉመው የሚለው ጥያቄ ከሰነዱ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። የሕገ መንግሥት ጉባኤው ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ሰነዱን ከማጽደቁ በፊት በተደረገው ውይይት፣ ሥልጣኑ ለፍርድ ቤት ይሰጥ የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር፤ አልገፋም። ሕገ መንግሥቱ የብሔር፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቃል ኪዳን ከሆነ፣ በሕዝብ ያልተመረጡ ዳኞች የመጨረሻውን ቃል ሊናገሩበት አይገባም የሚለው ወገን ረታ። ሥልጣኑም ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሆነ። ምክር ቤቱ የፖለቲካ ተቋም ስለሆነ የሕግ ሰዎች እንዲያግዙት 11 አባላት ያሉት አጣሪ ጉባኤ ተበጀለት፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትሉ፣ 6 የሕግ ባለሙያዎችና ከምክር ቤቱ የሚወከሉ 3 አባላት። ጉባኤው ያጣራል፣ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል፤ የሚወስነው ግን ምክር ቤቱ ነው።

የሁለቱ ተቋማት ግንኙነት ከወረቀት በላይ መሆኑን የሚያሳዩ ጉዳዮች ብዙ ሳይቆዩ መጡ። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የአካባቢውን ቋንቋ አታውቁም ተብለው ከዕጩነት የተሠረዙ ሰዎች አቤት አሉ። አጣሪ ጉባኤው በአብላጫ ድምፅ፣ ቋንቋ ማወቅን ግዴታ የሚያደርገው የምርጫ ሕግ ድንጋጌ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል አለ። ምክር ቤቱ በ1995 ዓ.ም. ይህን አልተቀበለም፤ ሕጉ አይጋጭም፣ ነገር ግን የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ሆኖ ሳለ ሰዎቹን በሌላ ቋንቋ መመዘን ስሕተት ነው ብሎ ወሰነ። በ1996 ዓ.ም. ደግሞ የውርስ ክርክሯ በሸሪዓ ፍርድ ቤት እንዲታይ አልፈቅድም ያለች ሴት ጉዳይ ቀረበ። ከመነሻው ተቃውማ፣ ሰሚ አጥታ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሰች ናት። አጣሪ ጉባኤው አቤቱታዋን ውድቅ አደረገ፤ ምክር ቤቱ ግን አንቀጽ 34 የተከራካሪን ፈቃድ ይጠይቃልና ያለ ፈቃዷ የተሰጠው ፍርድ ዋጋ የለውም አለ። ፖለቲከኞቹ የሕግ ባለሙያዎቹን በሕግ ነጥብ የረቱበት ጉዳይ ነው ብል ብዙ የሚከራከረኝ አይመስለኝም።

እንዲህ ያለ የሐሳብ ግጭት ለሕግ ተማሪ ትልቅ ትምህርት ነበር። ችግሩ የሚደርሰው ዘግይቶ፣ ያውም በውሳኔ መልክ ተጠቃሎ መሆኑ ነው። ማን ምን ብሎ ጠየቀ፣ የትኛው መከራከሪያ ምን መልስ አጣ የሚለውን ሕዝብ በቀጥታ የሚከታተልበት ልማድ አልነበረም።

ልማዱ አለመኖሩ ከኢሕአዴግ ዘመን ብቻ የመጣ አይደለም። በ1956 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ሲከፈት፣ አሜሪካዊው ዲን ጄምስ ፖል ሕገ መንግሥትን በሰነድና በጥያቄ እንዲማሩት ፈልጎ ከክሪስቶፈር ክላፋም ጋር የሰነዶች ስብስብ አዘጋጀ። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 122 ራሱን የበላይ ሕግ አድርጎ የሚቃረነውን ሁሉ ይሽራል፤ በአንቀጽ 4 ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱን ሥልጣን የማይነካ ያደርገዋል። ሁለቱን አንቀጾች ጎን ለጎን ያነበበ ተማሪ የሚጠይቀው አያጣም ነበር፤ ጥያቄውን ይዞ የሚሄድበት ችሎት ግን የለም። በደርግ ጊዜ ነገሩ ተገለበጠ። በ1978 ዓ.ም. የወጣው ባለ 120 አንቀጽ ረቂቅ በአንድ ሚሊዮን ቅጂ ታትሞ በየቀበሌውና በየገበሬ ማኅበሩ፣ በ25,000 ገደማ ቦታዎች ለውይይት ቀረበ። ኮሚሽኑ 95 ማሻሻያዎችን ተቀብያለሁ አለ፤ አብዛኞቹ ግን የሥርዓቱን አወቃቀር የሚነኩ አልነበሩም። መድረኩ በካድሬ የተመራ ነበርና፣ ብዙ ሰው ተጠየቀ እንጂ ብዙ ሰው ተከራከረ ለማለት ይከብዳል።

ወደ 2012 ዓ.ም. እንምጣ። መጋቢት 22 ቀን ምርጫ ቦርድ፣ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ለነሐሴ 23 የተያዘውን ምርጫ ማካሄድ እንደማይችል አስታወቀ። የተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ዘመን 5 ዓመት መሆኑ በአንቀጽ 54 እና 58 ተጽፏል፤ ዘመኑ የሚያልቀው በ2013 መግቢያ ነበር። መንግሥት አራት መንገዶችን አቀረበ፦ ምክር ቤቱን መበተን፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ፣ ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል፣ ወይም ትርጉም መጠየቅ። ሚያዝያ 27 ቀን የተወካዮች ምክር ቤት የመጨረሻውን መረጠ። አጣሪ ጉባኤውም የሕግ ምሁራን በጽሑፍ አስተያየታቸውን እንዲያስገቡ ጋበዘ፤ በግንቦት ወር የተወሰኑትን ጠርቶ በቴሌቪዥን በቀጥታ ሲተላለፍ አዳመጣቸው። ሰብሳቢዋ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ።

ክርክሩ የተጀመረው ከመልሱ ሳይሆን ከጥያቄው ነው። በመጀመሪያ፣ የሚተረጎም ነገር አለ ወይ? አንዱ ወገን የለም አለ። «በየአምስት ዓመቱ» የሚለው ቃል ግልጽ ነው፤ ግልጽ የሆነ አይተረጎምም። አንቀጽ 83 ደግሞ ክርክር ሲነሣ ይላል፤ ተከራካሪ በሌለበት ምክር ለመጠየቅ የሚመጣ መንግሥት ጉባኤውን አማካሪው ያደርገዋል። ሌላው ወገን አንቀጾቹን ለየብቻ ማንበብ አይበቃም ሲል መለሰ። ስለ ምርጫ የሚናገረውንና ስለ አስቸኳይ ጊዜ የሚናገረውን አንቀጽ 93 አንድ ላይ ያነበበ ክፍተቱን ያያል፤ ምርጫ በአስቸኳይ ጊዜ ላይ ቢወድቅ ምን ይሆናል ለሚለው ሰነዱ መልስ የለውም፣ ክፍተት ሲገኝ ደግሞ በዓላማው ይሞላል።

ሦስተኛው መከራከሪያ ከሁለቱም የተለየ ነበር። በአንቀጽ 105 መሠረት ማሻሻል እያለ ለምን በትርጉም እንሻገራለን? ማሻሻያ የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅና የክልል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድጋፍ ይፈልጋል፤ አድካሚ ቢሆንም ሥልጣንን የሚያራዝም ሰው ሊደክም ይገባል የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። በእኔ አስተያየት ከተነሡት ሁሉ ጠንካራው ይኸው ነበር፤ ብዙ ያልተፈተሸውም እሱው ነው። መበተንን በሚመለከት ደግሞ አንቀጽ 60 አዲስ ምርጫ በ6 ወር ውስጥ ይደረግ ስለሚል፣ ወረርሽኙ ባይረግብ ችግሩን ከማራዘም አያልፍም ነበር።

የጉባኤው አባላት ጥያቄ ሲያቀርቡ፣ ተጠያቂው አንቀጽ ጠቅሶ ሲመልስ፣ አንዳንዴም ሐሳቡን ሲያጠብ ሕዝቡ አየ። ዩኒቨርሲቲዎች በዚያ ወቅት በወረርሽኙ ተዘግተው ስለነበር የሕግ ተማሪዎች በየቤታቸው ነበሩ፤ አስተማሪዎቻቸውን የተመለከቱት በቴሌቪዥን መስኮት፣ ያውም እርስ በርስ ሲለያዩ ነው።

የመድረኩ ግልጽነት ግን እስከ ውሳኔው አልተከተለም። የፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ወይዘሮ ኬሪያ ኢብራሂም ሰኔ 1 ቀን ሥልጣን ለቀቁ። በሦስተኛው ቀን፣ ሰኔ 3፣ ምክር ቤቱ የአጣሪ ጉባኤውን ሐሳብ በ114 ድጋፍ፣ በ4 ተቃውሞና በ1 ድምፀ ተዓቅቦ አጸደቀ፤ ወረርሽኙ ለሕዝብ ጤና ስጋት መሆኑ መቆሙ ከተረጋገጠ በኋላ ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ምርጫ ይደረጋል፣ እስከዚያ ያሉት ምክር ቤቶችና አስፈጻሚው ይቀጥላሉ የሚል። የትግራይ ክልል ውሳኔውን ሳይቀበል ጳጉሜን 4 ቀን የራሱን ምርጫ አካሄደ፤ ምክር ቤቱም ያን ምርጫ እንዳልተደረገ ቆጠረው።

መስከረም 2013 ላይ የተወካዮች ምክር ቤት ምርጫው እንዲቀጥል ወሰነ፤ ድምፅ የተሰጠው ሰኔ 14 ቀን 2013 ነው። ሲቆጠር በ9 ወሩ ድንበር ላይ ይወድቃል። የሥራ ዘመን በትርጉም ምን ያህል ሊራዘም ይችላል የሚለው ግን በሕገ መንግሥቱ ያኔም አልተጻፈም፤ አንቀጽ 58ም ሳይነካ፣ «አምስት ዓመት» እንዳለ ነው።