የኮካ ደለልና የዝዋይ አሳ፦ የድምፅ ጥልቀት መለኪያ በስምጥ ሸለቆ

ከወለንጪቲ በደቡብ ምዕራብ፣ አዳማን አልፎ የሚገኘው የኮካ ሐይቅ የአዋሽ ወንዝ ተገድቦ የተኛበት ውሃ ነው። በጣሊያን የጦር ካሣ የተሠራው ግድብ በ1952 ዓ.ም. ተመርቆ 43 ሜጋ ዋት ያህል ኃይል ማመንጨት ሲጀምር፣ ከላይኛው አዋሽ የሚታጠበው አፈርም እዚያው መከማቸት ያዘ። ደለሉ እስካሁን ከማጠራቀሚያው አቅም ከሩብ በላይ ወስዷል። ይህን ማወቅ የተቻለው የሐይቁን ወለል ደጋግሞ በመለካት ነው።

ጥልቀትን በድምፅ መለካት የተጀመረው ባሕር ላይ ነው። ታይታኒክ እ.ኤ.አ. በ1912 ከሰመጠች በኋላ ጀርመናዊው አሌክሳንደር ቤም በማሚቶ ጥልቀት የሚለካ መሣሪያ ፈለሰፈ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳዊው ፖል ላንዥቫን ኳርትዝን በኤሌክትሪክ አንቀጥቅጦ ድምፅ ወደ ውሃ ላከ፤ የዛሬው ትራንስዱሰር፣ ማለትም ድምፁን የሚልከውና የሚቀበለው ክፍል፣ የዚያ ዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የጃፓኑ ፉሩኖ መሣሪያውን አሳ መፈለጊያ አድርጎ ለገበያ አቀረበው፤ በአሳው ሆድ ያለው የአየር ከረጢት ድምፅን አጥርቶ ይመልሳልና።

ትራንስዱሰር ድምፁን በአየር ውስጥ ማሳለፍ አይችልም። በጀልባው ኋላ ሲገጠም ከውሃው ገጽ በታች ወርዶ፣ ከሞተሩ አረፋ ርቆ መቀመጥ አለበት። እንጨት ድምፁን ስለሚያዳክም በእንጨት ጀልባ ውስጠኛ ወለል ላይ መለጠፉ አያዋጣም፤ በጎን በታሰረ ዘንግ ወደ ውሃው ማውረድ ይሻላል። ቀያሽ ደግሞ ከመሣሪያው እስከ ውሃው ገጽ ያለውን ርቀት በንባቡ ላይ ይደምራል፤ የታወቀ ጥልቀት ላይ ሳህን አውርዶም ንባቡን ያመሳክራል፤ ድምፅ በ20 ዲግሪ ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,480 ሜትር ያህል ቢሄድም ሙቀት ሲጨምር ይፈጥናልና። ኮካን የመሰለ ጭቃማ ወለል ሌላ ጣጣ አለው፦ የ200 ኪሎ ኸርዝ ድምፅ ከለስላሳው ጭቃ ላይ ይመለሳል፣ ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያለው ድምፅ ግን ዘልቆ ከሥር ያለውን ጠንካራ መሬት ያሳያል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የለስላሳው ደለል ውፍረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 በኮካ የታየው እምቦጭም በሞተሩ ላይ እየተጠመጠመ ለጀልባ ሥራ እንቅፋት ይሆናል።

የዝዋይ አሳ አስጋሪ ግን መሣሪያውን እምብዛም አልፈለገውም፤ ምክንያቱ ድህነት ብቻ አይደለም። የዝዋይ ሐይቅ አማካይ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር፣ ከፍተኛው 9 ሜትር ያህል ነው። 20 ዲግሪ የሚሰፋ የድምፅ ጨረር በ2.5 ሜትር ላይ ከ1 ሜትር ያነሰ ክብ ብቻ ያያል። ቆሮሶ የሚባለው አሳ ደግሞ በቄጠማው ዳር ጥልቀት በሌለው ውሃ ይውላል፤ በዚያ ጀልባው ራሱ ያባርረዋል። ስለዚህ በቱሉ ጉዶና በሌሎቹ ደሴቶች የሚኖሩት ዛዮችም ሆኑ በሐይቁ ዳር ያለችው የባቱ ከተማ አስጋሪዎች ማታ መረብ ዘርግተው ጠዋት ያነሳሉ፤ ጥልቀቱን በዘንግ ይለካሉ። በአንጻሩ ሻላ 266 ሜትር ይጠልቃል፤ ውሃው ግን እጅግ ጨዋማና አልካላይን ስለሆነ ለንግድ የሚሆን አሳ የለውም። በእነዚህ በሁለቱ ሐይቆች፣ መለኪያው በሚጠቅምበት ጥልቀት ለንግድ የሚሆን አሳ የለም፣ አሳ ባለበት ደግሞ ዘንግ ይበቃል።