ስለ ጭነትና ስለ ማሰሪያው

አንባቢ ሆይ! በሰበታም ሆነ በኮዬ ፈጬ የምትኖር ብትሆን፣ በቤትህ ካለው ዕቃ ከባሕር ማዶ የመጣው ጥቂት አይደለም። ይህ ዕቃ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ፣ በረሓውን አቋርጦና ከ2,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ወጥቶ ሲደርስ፣ በመንገድ እንዳይወድቅ ምን እንደ ያዘው አስበህ ታውቃለህን?

የቀድሞ ሲራራ ነጋዴዎች ጨውና ቡና በአጋሰስ ሲጭኑ ሁለት ነገር ይጠነቀቁ ነበር። ይኸውም ጭነቱ በግራና በቀኝ እኩል እንዲመዝንና መጫኛው እንዳይላላ ነው። ማታ የተራገፈው ጧት እንደገና ስለሚጫን፣ ጫኙ የእጁን ሥራ በየዕለቱ ለመመርመር ይገደድ ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ፣ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ዐዲስ አበባ ገባ። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ብቻ ስለ ነበረ፣ ከፍ ብሎ የተከመረ ጭነት ሚዛኑን ለመሳት ይቀርበው ነበር። በቅሎዋ ስታዘነብል ነጋዴው ወዲያው ያያል፤ ባቡር ነጂው ግን ከኋላው በተቀጠለው ፉርጎ ላይ የላላውን ሰንሰለት አያይም።

ጎንና ጣራ በሌለው ፉርጎ ላይ ያለ ጭነት በየአቅጣጫው ይገፋል። ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት፣ ባቡሩ ሲነሣ ወደ ኋላ፣ በጥምዝ መንገድ ወደ ውጭ ይሄዳል። ስለዚህ ከባዱ ዕቃ ከመካከል ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ጎማ ላለው መሣሪያ ከፊትና ከኋላ ሽብልቅ ይደረግለታል፤ ግንድና ቱቦ በግራና በቀኝ በቆሙ ምሰሶዎች ይታቀፋል። ብረት በብረት ላይ ስለሚንሸራተት ከሥሩ እንጨት ይነጠፋል። ሰንሰለቱም በተቃራኒ አቅጣጫ ተወጥሮ ይታሰራል፤ ንዝረት ስለሚያላላው ከጥቂት ጉዞ በኋላ እንደገና መታየት አለበት።

ፍጥነት እጥፍ ሲሆን በጥምዝ ላይ ወደ ውጭ የሚገፋው ኀይል አራት እጥፍ ይሆናል። በጥር ወር 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አጠገብ ከልክ ባለፈ ፍጥነት ጥምዙን የያዘ የመንገደኞች ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ሕይወታቸውን አጡ። ሰውን ያልማረ ኀይል ዕቃን አይምርም።

በ1948 ዓ.ም. አሜሪካዊው ማልኮም ማክሊን 58 የዕቃ ሣጥኖችን በአንድ መርከብ ጭኖ ከላከ ወዲህ፣ ኮንቴይነር የተባለው ሣጥን ዓለምን አዳረሰ። በአራቱ የታች ማዕዘኖቹ ባሉት ቀዳዳዎች ከፉርጎው ጋር ይያያዛል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ከሰበታ እስከ ጅቡቲ የተዘረጋውና 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድም ይህንኑ ሣጥን ያመላልሳል። ይሁን እንጂ ከውጭ በሚገባ የተያያዘ ሣጥን በውስጡ ያለው ዕቃ ካልታሰረ፣ በሩ ሲከፈት የሚገኘው ስብርባሪ ነው።

አንባቢ ሆይ! አንተም በመሥሪያ ቤትህ «ተመርምሮ ተጭኗል» በሚል ወረቀት ላይ ትፈርም ይሆናል። ማኅተም ሰንሰለት አያጠብቅም። ነጋዴው በየጧቱ መጫኛውን በእጁ እንደ ዳሰሰ፣ ከመፈረምህ በፊት ሄደህ ተመልከት፤ ከሐዲዱ ዳር የቆመው ሰው ደኅንነት በዚያች አንዲት ፊርማ ሊጠበቅ ወይም ሊጠፋ ይችላልና።