ወባ በባሮ ዳር የጻፈችው

ጋምቤላ በአንድ ወቅት ወደብ ነበረች። ክረምት ገብቶ የባሮ ወንዝ ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ ከካርቱም ተነሥቶ፣ ነጭ ዓባይንና ሶባትን ተከትሎ እዚህ ድረስ ይዘልቅ ነበር። ጨውና ጨርቅ አራግፎ፣ ከጎሬ በኩል የወረደውን ቡና ጭኖ ይመለሳል። ወንዙ ሲጎድል ንግዱም አብሮ ይተኛል። ዳግማዊ ምኒልክ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙት ውል ለሱዳን መንግሥት የፈቀደው የንግድ ቦታ በወንዙ ዳር ከ2000 ሜትር፣ በስፋቱ ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ ይወስናል። ውሉ የሚጠራው ኢታንግን ነው፤ ጣቢያው የቆመው ግን ጋምቤላ ላይ ነው። በፈረንጆች 1956 ሱዳን ነጻ ስትወጣ ቦታው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ።

በዚያው ዓመት፣ ከባሮ እጅግ ርቆ፣ አሜሪካ ውስጥ ኢሊኖይ በሚገኘው የስቴትቪል ወህኒ ቤት፣ ለጋምቤላ ሕሙማንም የሚተርፍ አንድ የቆየ የወባ መድኃኒት እንቆቅልሽ ተፈታ። ተመራማሪዎች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀምሮ እስረኞችን ሆን ብለው በወባ እያስያዙ መድኃኒት ይሞክሩባቸው ነበር። እስረኛ «ፈቅጃለሁ» ቢል ፈቃዱ ምን ያህል ፈቃድ ነው? ጥያቄው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ፕሪማኩዊን የተባለውን መድኃኒት ሲሰጧቸው አብዛኞቹ ደኅና ሆኑ፤ ከጥቁር አሜሪካውያኑ አንዳንዶቹ ግን ሽንታቸው ጠቆረ፣ ደማቸው አነሰ። ሐኪሞቹ የእነዚህን ሰዎች ቀይ የደም ሕዋስ በጨረራማ ክሮሚየም ምልክት አድርገው ሲከታተሉ አንድ ነገር አስተዋሉ፦ የሚፈርሱት ያረጁት ሕዋሳት ናቸው፤ ወጣቶቹ ይተርፋሉ። በ1956 የአልፍ አልቪንግ ቡድን ምክንያቱን አገኘ። የጎደለው ጂ6ፒዲ የሚባል አንድ ኢንዛይም ነበር።

ቀይ የደም ሕዋስ ስንቁን ቋጥሮ የወጣ መንገደኛ ነው። ለኦክስጅን ጭነት ቦታ ሲል ኒውክሊየሱን፣ ማለትም የዘረመሉን መዝገብ፣ ገና ጉዞውን ሳይጀምር አውጥቶ ጥሏል። ስለዚህ በ120 ቀን ገደማ ዕድሜው ያረጀበትን ኢንዛይም በአዲስ መተካት አይችልም። ጂ6ፒዲ ፎስፌት የተጣበቀበትን ስኳር እየተጠቀመ ኤንኤዲፒኤች የተባለውን ውህድ ያመርታል፤ ሕዋሱ ከሚያቃጥሉ ኬሚካሎች ራሱን የሚከላከለው በዚህ ነው። ኢንዛይሙ የ515 አሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው። በአፍሪካ በብዛት በሚገኘው ዓይነት ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ተለውጠዋል። ሰንሰለቱ ይሠራል፣ ግን በቅጡ ስለማይታጠፍ ቶሎ ይፈርሳል። ፕሪማኩዊን ሲመጣ ስንቁ ያለቀበት አሮጌ ሕዋስ ይፈነዳል። ጂኑ ያለው ኤክስ ክሮሞሶም ላይ በመሆኑ፣ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ወንድ ይበልጥ ይጋለጣል። በጋምቤላ ሆስፒታል በወባ ተጠርጥረው በመጡ ሕሙማን ላይ ተደርጎ በፈረንጆች 2014 የታተመ ጥናት ጉድለቱን ከመቶ በሰባት ያህሉ ላይ አግኝቷል።

እንዲህ ያለ ጉድለት ለምን በዛ? ከባዱ የወባ ዓይነት፣ ፋልሲፓረም፣ እንዲህ ባለው ሕዋስ ውስጥ እንደልቡ አይኖርምና። ጉድለቱ ከወባ ጋር በረጅም ዘመን ድርድር የተገኘ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሌላኛው ለውጥ ነው። ቫይቫክስ የተባለው ወባ ወደ ቀይ ሕዋስ የሚገባው ዳፊ በሚባል ፕሮቲን በኩል መሆኑን ሉዊስ ሚለርና ባልደረቦቹ በፈረንጆች 1976 አሳዩ። በጋምቤላ የሚኖረው አብዛኛው የአኙዋና የኑዌር ሰው ቀይ ሕዋሱ ላይ ይህ ፕሮቲን የለም። ጂኑ ግን አልጠፋም! የፓሪስ ተመራማሪዎች በፈረንጆች 1995 እንዳሳዩት የፕሮቲኑ መመሪያ ሙሉ ነው፤ የተለወጠችው ከመመሪያው በፊት ባለው መቀስቀሻ ክፍል ያለች አንዲት ፊደል ናት፤ ቲ የነበረችው ሲ ሆናለች። ጋታ-1 የተባለው ቀስቃሽ ፕሮቲን ማረፊያውን ሲያጣ ጂኑ በቀይ ሕዋስ ውስጥ እንደተኛ ይቀራል። የዚያው ሰው የደም ሥር ግድግዳ ሕዋሳት ግን ቀስቃሻቸው ሌላ ስለሆነ ዳፊን እንደወትሮው ያመርታሉ። አንድ መጽሐፍ ነው፤ አንዱ ቤት ይነበባል፣ ሌላው ቤት ተከድኖ ይቀመጣል።

ከደጋው ሰው መካከል ዳፊ ያለው ብዙ ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ የመታቸው ቤተሰቦች በሰፈራ ወደ ጋምቤላ ሲመጡ ይህንንም በደማቸው ይዘው መጡ። ቫይቫክስ ደግሞ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ የሚነሣ ነው፤ ከተኛበት የሚያጠፋው ዋናው መድኃኒት ያው ፕሪማኩዊን ነው። መድኃኒቱን ይበልጥ የሚፈልገው ሰውና ይበልጥ የሚጎዳው ሰው በአንድ ወረፋ ይቀመጣሉ ማለት ነው። በመልክ ልለያቸው የሚል ሐኪም ይሳሳታል። ሰው ተጋብቷል፣ ተዋልዷል፤ ቫይቫክስም ዳፊ በሌላቸው ኢትዮጵያውያን ደም ውስጥ ተገኝቷል።

የሚለየው ጠብታ ደም ነው። ከቆዩት የምርመራ ዘዴዎች በአንዱ፣ ከጣት የተወሰደው ደም ፎስፌት ከተጣበቀበት ስኳር ጋር ተቀላቅሎ ማጣሪያ ወረቀት ላይ ይንጠባጠብና ጨለማ ክፍል ውስጥ አልትራቫዮሌት መብራት ይበራበታል። ኢንዛይሙ ካለ ኤንኤዲፒኤች ይመረታል፤ ነጠብጣቡም ያበራል። ጨልሞ ከቀረ ሐኪሙ በየቀኑ የሚዋጠውን ትቶ፣ በቅርብ ክትትል በሳምንት አንዴ ለ8 ሳምንት የሚሰጠውን ያስባል።