ግርሻ እና የሃርቢኑ መርዝ

«ግርሻ ከፊተኛው ይብሳል» ሲባል ሰምታችኋል። የደም ካንሰር ያገረሸበት ሰው ቤት ውስጥ ይህ አባባል እንደ ሞት ፍርድ ይሰማል። እኔ የታሪክ አስተማሪ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ግን ይህን ፍርድ የሻረ አንድ ታሪክ አውቃለሁና ላውጋችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኤ.ፒ.ኤል. የሚባል ኃይለኛ የሉኬሚያ ዓይነት አለ። ደም አላቆም እያለ በሽተኛውን በጥቂት ቀናት ሊገድለው ይችላል። በ1980ዎቹ የሻንጋዩ ሐኪም ዋንግ ዠንዪ ከቫይታሚን ኤ ዘመድ የሆነ፣ አትራ የሚባል መድኃኒት በአፍ የሚዋጥ አድርገው መስጠት ጀመሩ። በ1988 ባሳተሙት ጥናት የ24ቱም ሕሙማን በሽታ ጠፋ። ደስ ይላል አይደል? ችግሩ፣ ብዙዎቹ ላይ ቆይቶ አገረሸ።

መልሱ የተገኘው በዚያችው ቻይና፣ በሰሜኗ ከተማ በሃርቢን ነው። እነ ዣንግ ቲንግዶንግ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ አንድ የገጠር ባህላዊ መድኃኒት ሲመረምሩ ኖረዋል። ውስጡ አርሴኒክ፣ ሜርኩሪና የጉርጥ መርዝ ነበረበት። ለያይተው ሲሞክሩት ፈዋሹ አርሴኒኩ ሆነ። አዎ፣ ያ ድሮ አይጥ የሚገደልበት አርሴኒክ!

በ1997 የታተመው የሻንጋይ ጥናት አገርሽቶባቸው ከነበሩ 15 ሕሙማን የ14ቱ በሽታ እንደጠፋ አሳየ። በዓመቱ ኒውዮርክ ላይ ከ12 ሕሙማን 11ዱ እንዲሁ ሆኑ። በ2000 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አርሴኒክን ለግርሻ ፈቀደ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። በ2013 የጣሊያንና የጀርመን ሐኪሞች አትራንና አርሴኒክን ያለ ኬሞቴራፒ ገና ከጅምሩ ሰጡ። አደጋቸው ዝቅተኛና መካከለኛ ከነበረ አዋቂ ሕሙማን 97 በመቶው ከሁለት ዓመት በኋላ በሕይወት፣ ያለ ግርሻም ተገኙ። ለተመለሰ በሽታ የተፈለገው መድኃኒት፣ በሽታው እንዳይመለስ የሚከለክል ሆነ። እሾህን በእሾህ ማለት ይሄ ነው።

አደራ! አርሴኒክ ሐኪም ለክቶ፣ ልብን እየተከታተለ የሚሰጠው መርዝ ነው፤ እቤት የሚሞከር አይደለም። ደግሞም የሚሠራው ለዚህ ዓይነት እንጂ ለሁሉም ሉኬሚያ አይደለም። ስለዚህ የምትወዱት ሰው ላይ ሲያገረሽ፣ ተስፋ ከመቁረጣችሁ በፊት «ዓይነቱ የትኛው ነው? ለዚህኛው ምን አለ?» ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። እነዚያ 15 ሰዎችም አገርሽቶባቸው ነበር።