ባሕር ዛፍና የታፈነ ደረት
የአንድ መጤ ዛፍ ጉዞ ወደ ባህል መድኃኒትነት

የአንድ ሕዝብ የሕክምና ጥበብ ከጥንት ጀምሮ ሳይለወጥ የቆየ ነው ሲባል ብዙ ጊዜ ይሰማል። ይሁን እንጂ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ደረቱ በአክታ ለታፈነ ሰው የሚደረገውን ክብካቤ በታሪክ ዐይን የተመለከተ ሁሉ ነገሩ እንዲያ አለመሆኑን ይረዳል።

የባሕር ዛፍ ቅጠል በድስት ይፈላል፤ ሕመምተኛውም ጋቢ ተከናንቦ በእንፋሎቱ ይታጠናል። ልማዱ እጅግ ከመስፋፋቱ የተነሣ ቅድመ አያቶቻችን ያወረሱን ጥንታዊ ቅርስ ይመስላል። ዛፉ ግን እንግዳ ነው። የትውልድ ሥፍራው አውስትራልያ ሲሆን፣ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ውስጥ ነው። የመጣውም ለመድኃኒትነት አልነበረም። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ በዙሪያዋ የነበረውን ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ስለ ጨረሰችው፣ በ1892 ዓ.ም. ገደማ መዲናይቱን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር። ፈጥኖ የሚያድገው ባሕር ዛፍ እንጦጦን አልብሶ ከተማይቱን ባለችበት አጸናት፤ በዙሪያዋ ባሉት መንደሮችም ተዳርሶ በኦሮምኛ ባርጋሞ ተባለ።

ከዚያ በፊት ለሳልና ለጉንፋን የታመኑት ዳማከሴ፣ ጤና አዳም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ማርና በደጋ የሚበቅለው ቶስኝ ነበሩ። የቶስኝ ሳይንሳዊ ስያሜ ለ40 ዓመታት ያህል በኢትዮጵያ የኖረውን ጀርመናዊ የዕፀዋት ተመራማሪ ሺምፐርን ያስታውሳል። እናቶች እነዚህን ሳይጥሉ አዲሱን ቅጠል ከጎናቸው አሰለፉት። መታጠን ነባር ጥበብ ነውና፣ እንግዳው ዛፍ የገባው ቀድሞ በተከፈተ በር ነው ማለት ይቻላል።

የቻይና ባህላዊ ሕክምና በዚህ ረገድ ሌላ መንገድ ተከትሏል። በእነርሱ አስተሳሰብ አክታ የሚተፋው ብቻ አይደለም፤ የምግብ መፈጨት ሲደክም በሰውነት ውስጥ የሚጠራቀም እርጥበት ነው። ምንጩ ጣፊያ፣ ማከማቻውም ሳንባ ነው ይላሉ። ከሶንግ ነገሥታት ዘመን ጀምሮ የሚታወቀው «የሁለቱ አሮጌዎች» መድኃኒት ስሙን ያገኘው፣ በውስጡ የሚገቡት የመንደሪን ልጣጭና ፒኔልያ የተባለው ሥር ደርቀውና ቆይተው ሲያረጁ ይሻላሉ ከሚል እምነት ነው። እዚያ እርጅና ሲከበር፣ እዚህ አዲሱ ቅጠል ዜግነት አገኘ።

በባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ውስጥ ሲኒዮል የተባለ ንጥረ ነገር ይገኛል፤ ሽታውም ትንፋሽን የሚከፍት ሆኖ ይሰማል። ሆኖም ጥበብ ድንበሯን ማወቅ ይኖርባታል። ሮበርት ኮክ በ1882 እ.ኤ.አ. ያገኘውን የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ እንፋሎት አይገድለውም። ለረጅም ዘመን የነቀርሳ ሕሙማን መታከሚያ የነበረው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል የተሠራው በዚያው በእንጦጦ አካባቢ መሆኑ ነገሩን በጉልህ ያሳያል። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል አክታን ማስመርመር እንጂ ድስት መጣድ አይበቃውም። የፈላ ውሃም ለሕፃናት ከጉንፋኑ የከፋ አደጋ ሊሆን ይችላል።

ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ውስጥ ተጠቃለዋል። ማሳውና ጓሮው ለቤትና ለፋብሪካ ቦታ ሲለቅ፣ ቶስኝና ዳማከሴን በመልካቸው የሚለይ ሰውም አብሮ ይመናመናል። ስለሆነም ይህ ዕውቀት ከነጥቅሙና ከነድንበሩ፣ የሚያውቁት አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ተጽፎ ሊቀመጥ ይገባል።