ያነባል፣ ግን አልገባውም

ባለፈው እሑድ የእህቴን ልጅ አስነበብኩት። ሦስተኛ ክፍል ነው። ከአማርኛ መጽሐፉ ገበያ ስለሄደች ልጅ የሚናገር አንድ አንቀጽ መረጥኩለት። አንዴም ሳይደናቀፍ ተወጣው። እናቱ ደስ አላት። «ልጅቷ ለምን ገበያ ሄደች?» አልኩት። ዝም። ደግሜ ስጠይቀው ከመጀመሪያው ማንበብ ጀመረ፤ አሁንም ሳይደናቀፍ።

በልጁ አልፈረድኩም። ነገሩ ከእሱ በፊት የቆየ ነው።

በቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ሀሁ ይቆጥራል፣ አቡጊዳ ይለያል፣ ፊደለ ሐዋርያ ይዘልቃል፣ ከዚያ ዳዊት ይደግማል። ንባቡ በግዕዝ ነው። የቱ ቃል እንደሚነሣ፣ የቱ እንደሚወድቅ በጥንቃቄ ይታረማል። ትርጉሙን ግን የሚጠይቀው የለም። በቁርኣን ቤትም መንገዱ ተመሳሳይ ነው፤ መቅራት ይቀድማል፣ ተፍሲር በኋላ ይመጣል።

ይህ ስንፍና አልነበረም። ዓላማው ጸሎት ነበር፤ ጸሎት ደግሞ ቃሉ ሳይዛነፍ መባል አለበት። ሊቃውንቱ መረዳትንም አልናቁም። ትርጓሜ ቤት የገባ ተማሪ አንዱን ቃል «አንድም» እያለ ሲያገላብጠው ይውላል። ችግሩ ይህ በረከት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ለጥቂቶች ብቻ መድረሱ ነው። አብዛኛው ልጅ ዳዊቱን ደግሞ ወደ እርሻው ይመለስ ነበር።

በ1900 ዓ.ም. ገደማ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ መጡ። ልጁ የሚያነበው ግን አሁንም እቤቱ የማይነገር ቋንቋ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሲሆን አማርኛ ተናጋሪው ልጅ እፎይ አለ። ኦሮምኛ ወይም ሲዳምኛ ይዞ ለመጣው ልጅ ግን ሌላ ግዕዝ ሆነበት።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። በ5 ቋንቋዎች ተነሥቶ 15 ደረሰ፤ በዩኔስኮም ተሸለመ። ስንቱ አባወራ ከአውራ ጣት ተላቆ ስሙን ፈረመ! ሆኖም ከምስክር ወረቀቱ በኋላ የሚነበብ ነገር ያላገኘ ሰው የተማረውን መልሶ ረሳው። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ተወሰነ። ትክክለኛ እርምጃ ነበር።

ግን በ2002 ዓ.ም. በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። የዓለም ባንክም በኢትዮጵያ የአንደኛ ደረጃን ሊጨርሱ ከተቃረቡ 10 ልጆች 9 ያህሉ ቀላል ጽሑፍ አንብበው እንደማይረዱ ገምቷል። ስለዚህ ቋንቋው ብቻ አልነበረም ችግሩ። ቋንቋው ተለወጠ እንጂ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ ልጆች በኅብረት ደግመው የሚወጡበት ልማድ አብሮን ቀረ። መምህሩም ያደገው እንዲሁ ነው።

እኛ የምንጮኸው በ12ኛ ክፍል ነው። በ2014 ዓ.ም. ፈተና ከተቀመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ ብቻ ግማሽና ከዚያ በላይ ሲያመጡ አገር ተናወጠ። አንዱ ኩረጃን፣ ሌላው መንግሥትን ረገመ። ጥያቄውን አንብቦ ያልተረዳ ልጅ ግን መልሱን ከየት ያመጣል? ያ ልጅ የወደቀው ከ10 ዓመት በፊት፣ «ጎበዝ፣ አነበበ!» ተብሎ ሲጨበጨብለት ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ከንባቡ በፊት ሥዕሉን እያሳዩ «ስለ ምን ይመስልሃል?» ማለት። መሐል ላይ ቆም ብሎ «አሁን ምን የሚሆን ይመስልሃል?» ማለት። ሲያበቃ መጽሐፉን ዘግቶ በራሱ አፍ ማስተረክ። በመጨረሻም መልሱ በቀጥታ ያልተጻፈ አንድ «ለምን?» መጨመር። 60 ልጅ ባለበት ክፍልም ጥንድ ጥንድ አድርጎ ማነጋገር ይቻላል።

ያን ቀን መጽሐፉን ተቀብዬ ያንኑ አንቀጽ እንደ ተረት ነገርኩት። ሳልጨርስ «ከዚያስ?» አለኝ። ልጅቷ ለእናቷ መድኃኒት መግዣ እንቁላል ልትሸጥ መሄዷን እሱው ነገረኝ። «ለምን አባቷ አልሄደም?» ብሎም ጠየቀ። መረዳቱማ አለ። እኛ ነን መጽሐፉ ሲከፈት ጥያቄውን እንዲዘጋ ያስተማርነው።

ዛሬ ማታ ልጃችሁን «ስንት ገጽ አነበብክ?» አትበሉት። «ምን ይላል?» በሉት። «አንድም»ን ከሊቃውንቱ ጉባኤ ወደ አንደኛ ክፍል እናውርደው።